በእስትንፋስ የሚተኮስ ጠመንጃ፦ የአራት ቀን የአደን ጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ፣ መስከረም 24 ቀን 2017

ቫኑን ስንጭን ያየ ጎረቤት ቤት የምንቀይር ሳይመስለው አልቀረም። የማታ መተንፈሻ ማሽን። አክታ የሚያወጣ ሌላ ማሽን። ከአልጋ የሚያነሳ ማንሻ። የገላ መታጠቢያ ወንበር። ሁለት ትርፍ ባትሪ። በሰዓት በሰዓቱ የተከፋፈለ የመድኃኒት ሳጥን። በዚህ ሁሉ ላይ እህቴ አንድ ትልቅ ፍሪጅ ሳጥን ሽሮ፣ ምስር ወጥና የጾም ፍርፍር ጨመረችበት። «ፈረንጅ ዓርብን አያውቅም» አለች።

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። ሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ ተወልዶ እዚያው አደገ። በሽታው ዱሼን ይባላል። ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያመነምን፣ በአብዛኛው ወንዶችን የሚይዝ በሽታ ነው። ጡንቻን ከጉዳት የሚጠብቅ ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የእሱ ሰውነት እሱን አይሠራም። እስከ 10 ዓመቱ በእግሩ ይሄድ ነበር። ዛሬ ክንዱን ከዊልቸሩ መደገፊያ ላይ ማንሳት አይችልም። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ዊልቸሩን የሚነዳባትን ትንሽ ዘንግ አሳምረው ያዝዟታል። ምላሱ ደግሞ ከሁላችንም ይፈጥናል።

አደን ያማረው ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ነው። ከዩቲዩብ ነው የመጣበት። እኔ ያልፋል ብዬ ነበር፤ አላለፈም። እህቴ የመጀመሪያ ቀን ስትሰማ የተናገረችውን አልረሳውም። «እኔ ከጠመንጃ ሸሽቼ የመጣሁ ሴት ነኝ። ልጄን ጠመንጃ ያምረው?» ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ወሬው በእኛ ቤት አልተነሳም።

አሜሪካ ውስጥ በጠና ለታመሙና አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች አደን የሚያዘጋጁ ማኅበራት እንዳሉ የነገረችን የሆስፒታል ሠራተኛ ናት። ማመልከቻ ይሞላል፤ ሐኪም ይፈርማል፤ ወላጅ ይፈርማል። ከዚያ የአንድ ገበሬ መሬት፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ጠመንጃና አስጎብኚ በነፃ ይሰጥሃል። ዊስኮንሲን ደግሞ በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ አካባቢ ለአካል ጉዳተኞች ብቻ የተለየ የአጋዘን አደን ወቅት አላት። ዘጠኝ ቀን ይቆያል። የሌላው ሰው ዋና የጠመንጃ ወቅት ገና ኅዳር ላይ ነው። ስለዚህ ጫካው ፀጥ ያለ ነው፤ አጋዘኑም ገና አልደነገጠም።

እህቴ ለምን እሺ እንዳለች እስካሁን አልገባኝም። አንድ ማታ ደወለችና «አንተ አብረኸው የምትሄድ ከሆነ» አለች። በቃ።

መንገዱ አጭር ነው፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም። እኛ ግን አራት ሰዓት ፈጀብን፤ ልጁ በየመሃሉ ከጎን ወደ ጎን መዛወር አለበት። ፕሬስኮት ላይ የሴንት ክሮይ ወንዝ ከሚሲሲፒ ጋር ይገናኛል። የአንዱ ውሃ ጠራ ያለ፣ የሌላው ድፍርስ። ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ትንሽ ይሄዳሉ። ከዚያ በ35 ቁጥር መንገድ ወንዙን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። በግራ ገደል፣ በቀኝ ውሃ። ዛፉ ሁሉ ቢጫና ቀይ ሆኗል። አልማ የምትባል ከተማ ገደልና ወንዝ መሃል ተጣብቃ፣ ሁለት ዋና መንገድ ብቻ ይዛ እንደ ክር ተዘርግታለች። እዚያ በሚሲሲፒ ላይ የተሠራ ግድብና የመርከብ ማሳለፊያ በር አለ። የጭነት ጀልባ እስኪያልፍ ቆመን አየን። ልጁ «ይኼ ራሱ በቂ ነው፤ እንመለስ» አለኝ። ሲቀልድ ነው። እኔ ግን ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር።

እርሻው ከገደሉ በላይ ሜዳ ላይ ነው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ በመሃል ጫካ። ባለ እርሻው ሰባዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው፤ የዊስኮንሲኑ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን የግሪን ቤይ ፓከርስ ኮፍያ ከራሳቸው አይወርድም። የልጁን የባላንጣቸውን የሚኔሶታ ቫይኪንግስ ሹራብ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሽታህን ነግረውኝ ነበር፤ ይኼንን ግን አልነገሩኝም» አሉት ልጁን። ልጁ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ።

የእኛ መሪ ጡረታ የወጣች የሕፃናት ነርስ ናት። ማሽኖቹን ስታይ አልደነገጠችም። የመተንፈሻውን ቱቦ ራሷ ሰካች። ለእህቴ ይህን ብቻ በስልክ ብነግራት እንቅልፍ እንደሚወስዳት አወቅሁ፤ ነገርኳት።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበር። ከበረት ጀርባ የአፈር ቁልል አለ፤ ወረቀት ዒላማ ተለጠፈበት። ጠመንጃው በልጁ ትከሻ ላይ አይደለም። ከፊቱ ብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል። ማቆሚያውን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ነው፤ ሞተሩን የሚያዘው ደግሞ ዊልቸሩን እንደሚነዳባት ያለች ትንሽ ዘንግ። የጠመንጃው መነፅር የሚያየውን ስልክ ስክሪን ላይ ያሳየዋል። ምላጩን የሚስበው ደግሞ ትንፋሽ ነው። አፉ አጠገብ ቀጭን ቱቦ አለ። እፍ ሲል አንድ ትንሽ መሣሪያ ምላጩን ይስባል። ያን ሁሉ ጊዜ መሪያችን ክንዷ ከሚደርስበት አትርቅም፤ የጠመንጃው መቆለፊያም በእሷ እጅ ነው። ልጁ «ዝግጁ» ካላለ አትከፍትም። ምክንያቱ ወዲያው ታየ፤ የመጀመሪያዋ «ተኩስ» ሳል ነበረች። ጠመንጃው ተቆልፎ ስለነበር ቀጭ ብላ ቀረች።

ቱቦውን መጀመሪያ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። እኔ ወዲያው ገባኝ። በየስድስት ወሩ ሆስፒታል ውስጥ እንደዚህ ያለ ቱቦ ይነፋል። ሳንባው ምን ያህል እንደሚችል ይለካሉ። ቁጥሩ ይጻፋል። ካለፈው ጊዜ ቁጥር ጎን ይቀመጣል። ላለፉት ሦስት ዓመታት ቁጥሩ ወደ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ ክፍል ሲወጣ ለግማሽ ቀን አይናገርም።

መሪያችን ቱቦው በቀላል ትንፋሽ እንዲሠራ አስተካክላ «ሻማ እንደምታጠፋ አይደለም፤ መስታወት ላይ እንደምትተነፍስ» አለችው። አደረገው። ጠመንጃው ጮኸ። ወረቀቱ ተቀደደ። ዞሮ አየኝ።

«ጋሼ፣ ይኼኛው ቁጥር አይናገርም።»

አምስት ጊዜ ተኮሰ። አራቱ ከክቡ ውስጥ ገቡ።

ማታ ራት ላይ የሚገርም ነገር ገጠመን። ዊስኮንሲን ውስጥ ዓርብ ማታ የተጠበሰ ዓሣ መብላት የቆየ ልማድ ነው፤ ከካቶሊኮች ጾም የመጣ ነው ይላሉ። ስለዚህ ፈረንጅም ዓርብን ያውቃል! ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ያዘኝ። ሽሮዬን አወጣሁ። ልጁ ሦስት ቁራጭ ዓሣ በላ። ለእህቴ አልነገርኳትም። አሁን ካነበበች አነበበች።

ሌሊቱን መተንፈሻው እየጮኸ እንቅልፍ አልወስድ ስላለኝ ስልኬን ስጎረጉር አደርኩ። የታመሙ ልጆችን ምኞት በመፈጸም የታወቀው ሜክ ኤ ዊሽ የተጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ. አሪዞና ውስጥ፣ ፖሊስ መሆን በፈለገ የሰባት ዓመት ልጅ ምክንያት ነው። በ1996 አንድ የ17 ዓመት የሚኔሶታ ልጅ አላስካ ሄጄ ድብ ላድን አለ። ሲፈቀድለት የእንስሳት መብት ተሟጋቾች አገር ቀወጡ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ጠመንጃና አደን ያለበትን ምኞት ማስፈጸም አቆመ። ብዙም ሳይቆይ ፔንስልቬንያ ውስጥ ቲና ፓቲሰን የምትባል እናት ካንሰር የያዘው ልጇ ካናዳ ሄዶ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ማደን ፈለገ። በሩ ተዘግቷል። ሰዎች እየለመነች ራሷ አሳካችለት። ልጁ አድኖ ተመለሰ፤ በ1999 አረፈ። እናትየው ሐዘኗን ይዛ አልተቀመጠችም፤ ለእንደዚህ ያሉ ልጆች አደን የሚያዘጋጅ «ሃንት ኦፍ ኤ ላይፍታይም» የሚባል ማኅበር አቋቋመች። ተሟጋቾቹን አልወቅስም። የሞት ነገር ያንዣበበበትን ልጅ ሌላ ፍጡር እንዲገድል መላክ ግራ ያጋባል። እኔንም ግራ አጋብቶኛል። ግን የዚያችን እናት ታሪክ ሳነብ እህቴ ለምን እሺ እንዳለች በግማሽ የገባኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 25

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሳን። አደን ለመሄድ ሰው ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። የእኛ ልጅ እስኪነሳ፣ አክታው እስኪወጣ፣ እስኪለብስ፣ እስኪቀመጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በሕጉ መተኮስ የሚቻለው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ40 አካባቢ መሆኑ ነው።

የሚያበራ ብርቱካንማ ሰደርያ ለሁላችን ታደለን። የዊስኮንሲን ሕግ ከወገብ በላይ ከለበስከው ቢያንስ ግማሹ እንዲህ ዓይነት እንዲሆን ያዛል፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያበራ ሮዝም ይፈቀዳል። እኔ በመስቀል ሰሞን ብርቱካንማ ለብሼ ጫካ ስገባ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ መሰልኩ። አጋዘን ግን ብርቱካንማን እንደኛ አያየውም አሉኝ።

የልጁ ዊልቸር ለከተማ አስፋልት ነው እንጂ ለታረሰ ማሳ አይሆንም። ስለዚህ ሌላ ወንበር መጣለት፤ ጎማ የሌለው፣ እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄድ። እንዲህ ያለው ወንበር የሚሠራው እዚያው እኛ ግዛት ማርሻል በምትባል ከተማ ነው። ልጁ እንደያዘው ጭቃውን፣ ግንዱን፣ የበቆሎ አገዳውን እየረገጠ ከነፈ። እኔ ከኋላ ተደነቃቅፌ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። በሕይወቱ እኔን ቀድሞኝ የሄደበት የመጀመሪያ ቀን ይሆናል። ቆሞ ሲጠብቀኝ የነበረውን ፊት ማየት ነበረባችሁ።

ዳሳችን ከጫካው ጠርዝ የተተከለች ጥቁር ድንኳን ናት። መስኮቷ ጠባብ። ሦስታችን ገባን፤ ጠመንጃው ተስተካከለ፤ ቱቦው ተቀመጠ። ከዚያ ዝም።

ዝምታ ይከብዳል ብዬ ገምቼ ነበር። ለእኔ ከበደኝ። እሱ ግን ሳይንቀሳቀስ መቀመጥን የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም። መሪያችን በጆሮዬ «ካየኋቸው ሁሉ ምርጡ አድፋጭ እሱ ነው» አለችኝ። እኔ ጉልበቴን አሥር ጊዜ አጥፌ ዘርግቻለሁ።

ቀኑ ሞቀ። ለወቅቱ የማይገባ ሙቀት። ሲሞቅ አጋዘን ጥላ ይዞ ይተኛል፤ አይንቀሳቀስም። ሽኮኮ አየን። የዱር ተርኪ አየን። አመሻሹ ላይ አንዲት እንስት ከማዶ ብቅ አለች። ሩቅ ናት። መሪያችን ከ100 ያርድ በላይ እንደማንተኩስ ቀድማ ነግራናለች። ስክሪኑን እያየ «ትሂድ» አለ ልጁ።

ማታ ቤት ውስጥ ሌሎቹ እንግዶች ተሰብስበው ነበር። አንድ ወጣት ዓይነ ስውር ነው፤ አጠገቡ ያለው ሰው በትከሻው ላይ በጣቱ እየነካ ያነጣጥርለታል። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ የደም ካንሰር ሕክምና ጨርሳ ፀጉሯ ገና መብቀሉ ነው። እሷ እንስት አጋዘን ጥላለች። ራት እስኪቀርብ ድረስ አለቀሰች። ከዚያ ሁለት ሰሃን በላች። አባቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኛን እያየ ትከሻውን ነቀነቀ።

ልጁን ወደ አልጋ ሳዛውረው ጠየቅሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁትን።

«ግን አያሳዝንህም? መግደሉ?»

ማንሻው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የመለሰልኝ። «ጋሼ፣ ዶሮ ወጥ ስትበላ ዶሮዋን ጠይቀሃታል?»

«እኔ ቁም ነገር ነው የምጠይቅህ።»

ዝም አለ። አስተኛሁት፤ ትራሱን አስተካከልኩ። ጭንብሉን ፊቱ ላይ ላደርግ ስል «ቆይ» አለኝ።

«ሰው ሁሉ እኔ ላይ ይወስናል። መቼ እንደምዞር። መቼ እንደምተኛ። ዛሬ ያቺን ትሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጭንብሉን አደረግሁለት።

እሑድ፣ መስከረም 26

ዛሬ ጽጌ ገባ። እህቴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ደውላ «እንኳን አደረሳችሁ» አለች። የፈቃድ ጾም ነው፤ እሷ ግን በየዓመቱ ትጾመዋለች። ዘንድሮ ለልጇ ብላ አጥብቃ እንደያዘችው አውቃለሁ።

የጠዋቱን አደን ያበላሸው እግር ኳስ ነው፤ የአሜሪካው። ቫይኪንግስ ለንደን ላይ ከኒው ዮርክ ጄትስ ጋር ይጫወታል። ጨዋታው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል። የጄትስ አቀባይ ደግሞ ለፓከርስ 18 ዓመት የተጫወተው አሮን ሮጀርስ ነው። ባለ እርሻው ማንን እንደሚደግፉ ግራ ገብቷቸዋል። ልጁ ዳስ ውስጥ ሆኖ በአንድ ጆሮው ማዳመጫ ሰካ። ስክሪኑ ላይ ጫካ፣ ጆሮው ላይ ለንደን። ቫይኪንግስ ነጥብ ሲያገባ ሳያስበው «የስ!» አለ። ከበቆሎው ውስጥ የሆነ ነገር ዘሎ ሮጠ። ምን እንደነበረ አላየንም። መሪያችን ማዳመጫውን ነቅላ ኪሷ ውስጥ ከተተች። 23 ለ17 ማሸነፋቸውን የሰማው ምሳ ላይ ከባለ እርሻው ነው። ሽማግሌው ሲያወሩት የሞት መርዶ ነበር የሚመስለው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተለወጠ። ቀዘቀዘ። መሪያችን አፍንጫዋን ወደ ውጭ አድርጋ «ዛሬ ይመጣሉ» አለች።

አንዲት እንስት ከሁለት ግልገሎቿ ጋር መጣች። በጣም ቀረበች፤ ስትቅም ይሰማል። መሪያችን ልጁን አየችው። ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ፦ አይ። ግልገሎቹ ሲዘሉ ያያቸዋል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። እኔ በልቤ በቃ ሳይተኩስ ሊመለስ ነው ብዬ የምናገረውን ማጽናኛ ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ከዚያ እናትየዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አዞረች። ከጫካው ወንድ ወጣ። ትልቅ አይደለም። ቀንዱ ገና ቀጭን ነው። 60 ያርድ ላይ ወደ ጎን ዞሮ ቆመ።

ዘንጓ በጣቱ ሥር ስትንቀሳቀስ አየኋት። ስክሪኑ ላይ መስቀለኛው ምልክት ከጀርባው ወርዶ ከፊት እግሩ ኋላ ቆመ። ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ቆመ።

«ዝግጁ።»

መሪያችን መቆለፊያውን ከፈተች። ልጁ ወዲያው አልተኮሰም። አየር ለመሳብ ጊዜ ይፈጅበታል። ደረቱ በዝግታ ሲሞላ አየሁ። ሐኪሞቹ «የምትችለውን ያህል፣ የምትችለውን ያህል!» እያሉ የሚጮሁበት ትንፋሽ ነው። እዚህ ማንም አልጮኸም።

እፍ።

አጋዘኑ ዘሎ ጫካ ገባ። እንስቷና ግልገሎቿ ነጭ ጭራቸውን አንስተው ተበተኑ። ሳትኩ አለ ልጁ። አልሳትክም አለች መሪያችን፤ ግን ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን። የተመታ እንስሳ ወዲያው ከተከተሉት ርቆ ይሄዳል።

ያ ግማሽ ሰዓት ከሁለቱ ቀን ሁሉ ረዘመብኝ።

በባትሪ መብራት ፍለጋ ወጣን። ባለ እርሻው ከቤት መጡ። እኛ ቆመን ስናማትር የመጀመሪያዋን የደም ጠብታ ያገኛት ልጁ ነው። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ መብራቱም ወደ መሬት የቀረበ። «እዚያ፣ ቅጠሉ ላይ» አለ። ከዚያ እሱ ፊት፣ እኛ ኋላ። ቢበዛ 80 እርምጃ ያህል ሄደን በወደቀ ግንድ ሥር አገኘነው። ሞቷል።

ልጁ ዝም አለ። ባለ እርሻው ኮፍያቸውን አወለቁ። ለሁለት ቀን ያንን ኮፍያ ሲያወልቁ አላየሁም ነበር።

«ልንካው» አለኝ። እጁን አነሳሁለት። አንገቱ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ጣቶቹን ፀጉሩ ውስጥ ዘረጋሁለት።

«ይሞቃል» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። እጁን እስኪለኝ ድረስ አላነሳሁም።

ቤት ስንደርስ ግን እኔ አልቻልኩም። ያደግሁት ሠርግ ላይ «ገዳይ ገዳይ» እየተባለ በሚዘፈንበት አገር ነው። አባቶቻችን አውሬ የገደለ ሰው ሲመለስ በፉከራ ነበር የሚቀበሉት፤ ራሱ ላይ ቅቤ ይቀባ ነበር። እኔ ደግሞ አጋዘን አይቆጠርም ብዬ አልከራከርም። ጓሮ መሃል ቆሜ፣ ብርቱካንማ ሰደርያዬን እንደ ጎፈር አገላብጬ ጮህኩ፦

«ዘራፍ!
ገዳይ በትንፋሹ፣ ምላጩን ሳይነካ፣
በወንበሩ ሆኖ፣ በዓይኑ እየለካ!»

የባለ እርሻው ውሻ ጮኸች። የዓይነ ስውሩ ወጣት አስጎብኚ ሮጦ ወጣ። ልጁ እየሳቀ ሳሉ ተነሳበትና መሪያችን ማሽኑን ይዛ መጣች። ቅቤም አልቀረም፤ ባለ እርሻው ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው ከፍሪጅ አንድ ጥቅል ቅቤ ይዘው መጡ። የወተት ላም አርብተው የኖሩ ሰው ናቸው፤ በቅቤ አይታሙም። ግንባሩ ላይ ትንሽ አደረግሁለት።

እህቴ ስትደውል ስልኩን አፉ አጠገብ ያዝኩለት። «እማዬ፣ ገደልኩ» አላት። ለረጅም ጊዜ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ እልልታዋ ስልኩን ሰነጠቀው። ያቺ ከጠመንጃ የሸሸች ሴት! «የኔ አንበሳ! የኔ ጎበዝ!» ጥቂት ቆይታ ድምፅዋን አስተካከለች።

«ሥጋው ግን እቤቴ አይገባም። ማን ባረከው?»

«እኔ በልቤ በስመ አብ ብያለሁ» አልኳት።

«አንተ ደግሞ መቼ ቀሰስክ?»

ልጁ ጣልቃ ገባ። «እኔ ብያለሁ። ከመተኮሴ በፊት።»

እኔ አጠገቡ ነበርኩ። የሰማሁት አየር ሲስብ ብቻ ነው። ግን የእሱ ሹክሹክታ ከትንፋሹ አይለይም። አለማለቱን መማል አልችልም።

ሰኞ፣ መስከረም 27

ዛሬ ወረቀት ነው። የተገደለ አጋዘን በማግሥቱ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት መመዝገብ አለበት፤ በስልክ ይቻላል። ልጁ ራሱ ቁጥሮቹን እየነገረኝ አስገባን። ከዚያ ምርመራ። ዊስኮንሲን ውስጥ አጋዘንን እያመነመነ የሚገድል የአንጎል በሽታ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ሰውን እንደሚይዝ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም የተያዘ አጋዘን ሥጋ እንዳይበላ ይመከራል። ስለዚህ ጭንቅላቱ ለናሙና ተወሰደ፤ ሥጋው ተቆርጦ በረዶ ውስጥ ገባ። የሚሸጥ ነገር አይደለም፤ የዱር አጋዘን ሥጋ መሸጥ ክልክል ነው። ወይ ትበላዋለህ ወይ ትሰጣለህ።

ስንለያይ መሪያችን ቀጭኗን ቱቦ ከማቆሚያው ነቅላ ለልጁ ሰጠችው። ዊልቸሩ ጎን ባለች ኪስ ውስጥ አስገባሁለት። መንገድ ላይ ተኛ። አልማ ላይ ጀልባ ሲያልፍ ልቀሰቅሰው አስቤ ተውኩት።

ጥቅምት 12፣ ከቤት

ውጤቱ መጣ፦ በሽታው አልተገኘበትም። እህቴ ስልኩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የንስሐ አባቷን አነጋግራ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ «ያ የኔ ጉዳይ ነው» አለች። ሥጋው ግን ከእኔ ፍሪጅ ወደ እሷ ፍሪጅ ተዛውሯል፤ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከምስሩ ራቅ ብሎ።

አሁን ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። ጽጌ እስኪወጣ ማንም አይነካውም ብላ ቆረጠች። ኅዳር 6 ቁስቋም ናት፤ ጾሙ ይፈታል። ዘንድሮ ኅዳር 6 ዓርብ ላይ መዋሏን ያየው ልጁ ነው። ቅዳሜ ኅዳር 7 ሆነ ማለት ነው። ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ያለን አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ዊልቸሩ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ቀኑን እየቆጠረ ነው።

ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ እህቴ ደወለች። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመችም።

«የአጋዘን ጥብስ» አለችኝ፣ «ቅቤ ነው ዘይት የሚወደው?»